ሮተርዳም ላይ የቀረው መርከበኛ

የምሠራበት ድርጅት ጄኔሬተር ወደ አፍሪካ አገሮች ይልካል። ቢሮው አምስተርዳም፣ መጋዘኑ ሮተርዳም ነው። የኔ ሥራ የመላኪያ ሰነድ ማዘጋጀት ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ ገዢ ሲመጣ አማርኛ የምናገረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንግዳውን መቀበልም ማስጎብኘትም በኔ ላይ ይወድቃል። ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል። ሦስተኛው ቀን የጉብኝት ነው። የጉብኝቱን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፦ የአምስተርዳም ቦዮች ላይ የጀልባ ሽርሽር፣ የንፋስ ወፍጮዎች፣ የአይብ መሸጫ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ሄግ ወርዶ ባሕር ማየት። እንግዶቼ በእንጨት ጫማ አጠገብ ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ አነሳቸዋለሁ። ሲመሽ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር ወዳለው ቤቴ ተመልሼ፣ ጎረቤት ያቆየችልኝን ልጄን እወስዳለሁ።

የዚያን ጊዜው እንግዳ የጡረታ ዕድሜያቸውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ጊዜው ቅጠል የሚረግፍበት ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ግራጫ ኮታቸውን በወፍራም ሹራብ ላይ የደረቡ ሰው ከስኺፖል አውሮፕላን ማረፊያ በር ሲወጡ አየሁና ስማቸው የተጻፈበትን ወረቀት ከፍ አደረግኩ። ሻንጣቸውን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ በዚህ ብርድ አስቸገርኩሽ» ብቻ ነው ያሉት።

መጋዘን ውስጥም ብዙ አልተናገሩም። አንድ ሞተር ሲነሳ መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቁና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሁለተኛው ቀን ሥራ ሲያልቅ አምስተርዳም ላይ በጀልባ አዞርኳቸው። ሰው ሁሉ በመስታወቱ በኩል ቤቶቹን ለማየት ይጋፋል፤ እሳቸው ከኋላ፣ ሞተሩ በሚንጎራጎርበት ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

«ቤቶቹ የሚያምሩት በዚህኛው በኩል ነው» አልኳቸው።

«እዚህ ይሻለኛል፣ ልጄ። አንቺ ሂጂ እይ።»

እኔ ቤቶቹን ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ደክሞኝም ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ሽርሽሩ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኪንደርዳይክ ልወስዳቸው ሮተርዳም ወረድን። ኪንደርዳይክ ድሮ ውሃ ከመሬቱ ላይ ያወጡ የነበሩ የንፋስ ወፍጮዎች ተሰልፈው የቆሙበት ቦታ ነው። ከሮተርዳም ወደዚያ የሚወስደው ውሃ ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ ሰዉ እንደዚያ ይጠራዋል እንጂ ነገሩ ጀልባ ነው። ጠዋቱ ነፋሻ ስለነበር መሳፈሪያው ይወዛወዝ ነበር። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ሁሉ ብረቱን ጨብጠው፣ እግራቸውን እየሞከሩ ነው የገቡት። እንግዳዬ ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ተራምደው ገቡ።

«እርስዎ ውሃ አይፈሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«በወጣትነቴ መርከብ ላይ ነበር የምሠራው» አሉኝ። «የንግድ መርከብ ነበረች። ሞተር ክፍል ነበርኩ። ከአሰብ ተነስተን እዚህ ድረስ እንመጣ ነበር።»

«እዚህ? ሮተርዳም?»

«እዚሁ። መርከባችን የምትታሰረው በዚያ በኩል ነበር» ብለው ከድልድዩ ባሻገር፣ ጀልባዋ ጀርባዋን ወደሰጠችው የወደቡ አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሮተርዳም ስንመላለስ አንድም ቃል አልተነፈሱም ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ያለፈ ሕይወቱን ካላነሳ አልጠይቅም። እዚህ አገር በስደት የመጣን ሰዎች እርስ በርስ የምንጠነቃቀቀው እንደዚያ ነው።  ጀልባዋ ፍጥነት ስትጨምር ግን ራሳቸው ቀጠሉ።

«ጓደኛዬ እዚህ ነው የቀረው» አሉ። «ደርግ ጊዜ ነው። ከጠዋት ወደ ከተማ እንደወጣ አልተመለሰም። መርከቧ ካለሱ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሰብ ስንደርስ የደኅንነት ሰዎች ጠበቁኝ። አብሮህ የሚተኛ ሰው ሊጠፋ ሲል እንዴት አታውቅም አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ክረምቱ አልፎ በጋው እስኪጋመስ ያዙኝ። አንድ ወጥ ቤት የሚሠራ ልጅ ነበር፤ የጓደኛዬን ልብስ በድብቅ ያወጣለት እሱ ነው። ሲጨንቀው አውቅ ነበር ብሎ አመነ።» ውሃውን እያዩ ቆዩ። «እሱ አልወጣም።»

«አልወጣም ሲሉ…»

«አልወጣም፣ ልጄ።»

ከኛ ፊት አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ወንበር ላይ አቁሞ ፎቶ ያነሳል። እንግዳዬ ለልጆቹ እንዳይጋርዷቸው ትንሽ ጠጋ አሉ።

«እኔን የሚከነክነኝ እስሩ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልጋችን አንድ ነበር። እኔ ከፈረቃ ስወጣ እሱ ይገባል፣ እሱ ሲወጣ እኔ። እሱ ያሞቀው አልጋ ላይ ነበር የምተኛው። እንዲህ ሆነን ኖረን 'እኔ እዚህ እቀራለሁ' የምትል አንዲት ቃል አልነገረኝም። አላመነኝም ማለት ነው። ይኸው፣ ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ እንጀራው አይወርድልኝም።»

«ፈልገውት አያውቁም?»

«በምን አድራሻ? ሞቶም ይሆናል።»

ኪንደርዳይክ ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። እሳቸው በወፍጮዎቹ መካከል በተዘረጋው መንገድ ቀስ እያሉ መራመድ ሲጀምሩ እኔ ወደ ኋላ ቀረት አልኩና ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ለማውቃቸው አንዲት እናት ደወልኩ። ከኛ ሰው ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን የት እንደሚኖር የሚያውቁ ሴት ናቸው። በድሮ ጊዜ ከመርከብ ወርዶ እዚህ የቀረ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መርከበኛው?» አሉ ወዲያው። «ወይ ጉድ! ማን ጠየቀው?»

«በሕይወት አሉ?»

«አለ፤ ግን እንዳለ አትቁጠሪው። ጭንቅላቱ ደክሟል። ካፔለ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ካስገባችው ቆየች። ልጁን ማለቴ ነው። ቁጥሯን ልስጥሽ።»

ልጅቷ ስልኩን በአገሩ ቋንቋ፣ በደች ነው ያነሳችው። ማን እንደሆንኩና ከማን ጋር እንዳለሁ ነገርኳት። እሷም ዛሬ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነ፣ ከሰዓት በኋላ አባቷ ዘንድ እንደምትሆን ነገረችኝ። «ኑ» አለች በአማርኛ። «አሁን ኑ።»

እንግዳዬ ጋ ስደርስ አንዱን ወፍጮ ቀና ብለው እያዩ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው። ጓደኛቸው በሕይወት መኖሩን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ ልጅ እንዳለችው። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

«ሰው አያውቅም ነው የምትዪኝ?»

«እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

«ይሁን» አሉ። «እኔ አውቀዋለሁ።»

በመጣንበት ጀልባ ሮተርዳም ተመልሰን ሜትሮ ባቡር ያዝን። ካፔለ ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ጎብኚ አይሄድበትም። ከጣቢያው መጦሪያው ድረስ በእግር ስንሄድ እንግዳዬ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመው ባዶ እጄን አልገባም አሉ። ብርቱካን ገዙ። የታሸገውን ሳይሆን እየመረጡ፣ እያሸተቱ ነው ያነሱት።

ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችን። የአባቷ አገር ሰው ግንባር ያላት፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ የምትሆን ሴት ናት። እናቷ የዚህ አገር ሰው እንደነበረችና ወላጆቿ ገና ልጅ ሳለች እንደተለያዩ፣ አሁን ሄግ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር እንደምትኖርና ትራም እንደምትነዳ አሳንሰሩ እስኪመጣ ነገረችኝ። ወደ እንግዳዬ ዞራ «አንተ ነህ የአባዬ ጓደኛ?» አለቻቸው። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታ አይመጣላቸውም። እሳቸው ምንም ሳይመስላቸው «እኔ ነኝ» ብለው ጭንቅላቷን ደባበሷት።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች፣ ግማሹን በደች፣ ግማሹን በአማርኛ። «ደች ጠፍቶበታል። ሁሉንም ረስቶታል። አሁን የሚናገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ አይሰሙትም፣ እኔም ግማሹን አልሰማውም። ሲመሽበት በጣም ይረበሻል። ፈረቃ የማን ነው፣ ፈረቃ የማን ነው ይላል። ፈረቃ ማን ናት? የድሮ ፍቅረኛው መስላኝ ነበር።»

እንግዳዬ አይተውኝ ዓይናቸውን መለሱ።

«የሰው ስም አይደለም» አልኳት። «የሥራ ተራ ማለት ነው።»

ክፍሉ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ ከታች የወንዙ ውሃ ይታያል። መርከበኛው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። እጃቸው ትልቅ ነው፤ ሰውነታቸው ሲያልቅ እሱ ብቻ የቀረ ይመስላል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ እንግዳ መጥቷል» አለቻቸው። እኔን አዩኝ፣ አለፉኝ። እንግዳዬን አዩ፤ እሳቸውንም አለፏቸው። እንግዳዬ ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።  ስማቸውን አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ፣ አስታወስከኝ ወይ አላሉም። ፊታቸውን ብቻ ያዩ ነበር።

ከዚያ መርከበኛው ብርድ ልብሱን ይበልጥ እየጨመደዱ «ፈረቃው የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው» አሉ እንግዳዬ። «አንተ ዕረፍ።»

መርከበኛው ቀና አሉ። «ዘይቱን አየኸው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሙቀቱስ? ማታ ከፍ ብሎ ነበር።»

«አሁን ደህና ነው። ወርዷል።»

ብርድ ልብሱ ከእጃቸው ቀስ እያለ ተለቀቀ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ትመለከታለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ እዚያ ከገቡ ጀምሮ ለጥያቄያቸው መልስ ሲያገኙ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

መርከበኛው በጣታቸው ጠጋ በል የሚል ምልክት ሰጡ። እንግዳዬ ጆሮአቸውን አስጠጉ። ሹክ ያሉ መስሏቸው ነው እንጂ ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ነገ ጠዋት እወርዳለሁ። አልመለስም።»

እንግዳዬ ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉ።

«ለዚያ ልጅ እንዳትነግረው» አሉ መርከበኛው።

«ለየትኛው ልጅ?»

«አልጋ ለምንጋራው። እሱ መዋሸት አይችልም፤ ፊቱ ያወጣበታል። ካወቀ ያጠፉታል። ካላወቀ አላውቅም ይላል፤ እውነቱን ስለሆነ ይለቁታል።» ትንሽ አረፉና «ከፍቶኛል ግን» አሉ። «ሳልሰናበተው ልሄድ ነው።»

መስኮቱን የዝናብ ጠብታ ይመታዋል። እኔ የምይዘው አጥቼ የልጅቷን ክንድ ያዝኩ። እንግዳዬ ጀርባቸው ወደኔ ስለሆነ ፊታቸው አይታየኝም፤ ትከሻቸው ግን ሲነሳና ሲወርድ አይቻለሁ።

«እንዳትነግረው» አሉ መርከበኛው ደግመው።

«አልነግረውም።»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

መርከበኛው ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉ። እንግዳዬ አንድ ብርቱካን ልጠው፣ ነጭ ነጩን ክር አጥርተው አንድ አንዷን አጎረሷቸው። በዝግታ በሉ። ጥቂት ቆይተው እዚያው አንቀላፉ።

ልጅቷ ምን እንዳሉ እንድነግራት በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ እንግዳዬን አየሁ። «ንገሪያት» አሉኝ። «አባቷ ነው። ማወቅ አለባት።» ኮሪደሩ ላይ ወጥተን በደች ነገርኳት፤ የመርከቧን፣ የእስሩን፣ የወጥ ቤቱን ልጅ ጭምር። በልጅነቷ አባቷን ለምን ወደዚህ እንደመጡ ደጋግማ ጠይቃ «ሥራ ፍለጋ» ብቻ እንዳሏት ነገረችኝ። ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ስንመለስ ሜትሮው ውስጥ ተማሪዎች ይንጫጫሉ። እንግዳዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ፣ እኔን ሳያዩ፣ «እውነቱን ነው» አሉ። «መዋሸት አልችልም ነበር።» መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን በሙሉ ሸፈኑበት። ሰው እንዳያያቸው ወደ መተላለፊያው ዞሬ ተቀመጥኩ። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ሲያለቅሱ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በረራቸው በማግስቱ ማታ ነበር። ሄግ ሄደን ባሕር እንይ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ካፔለ መመለስ ፈለጉ። ሄድን። መርከበኛው ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነበር ማለት ይቻላል። እንግዳዬ አጠገባቸው ተቀምጠው ቆዩ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ሳሙና ወጣን። ስኺፖል ላይ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው እጄን ለረጅም ጊዜ ያዙት። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልጅቷና እሳቸው በመካከላቸው የጨረሱት ነው፤ እኔ ያቀራረብኳቸው ብቻ ነኝ። አባቷ ሲረበሹ የምታደርገው ሲጠፋት ለእንግዳዬ መደወል ጀመረች። እሳቸውም ድምፃቸውን ቀድተው ላኩላት። ዘይቱን እንዳዩት፣ ሙቀቱ ደህና እንደሆነ፣ ተራው የሳቸው መሆኑን የሚናገር አጭር ቅጂ ነው። የመጦሪያው ሠራተኞች አንድም ቃል ሳይገባቸው፣ ሲመሽ ያንን ከፍተው መርከበኛው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። ይተኙ ነበር አለችኝ። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ምንም የማይሠራበት ጊዜም ነበር።

ብርዱ ሊወጣ ሲል መርከበኛው አረፉ። ልጅቷ የቀበረቻቸው ለቤቷ እንዲቀርባት ሄግ ነው። ከሮተርዳም ቁጥሯን የሰጡኝ እናትና ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፤ የትራም ባልደረቦቿም የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመው ነበር። ካህኑ ሲጸልዩ ልጅቷ ምን እያሉ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ግእዙን እኔም አልሰማውም። «ዕረፍት እየለመኑላቸው ነው» አልኳት። እንግዳዬ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ነበር የተከታተሉት። ስክሪኑ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አየኋቸው፤ እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም።

በሚቀጥለው ጊዜ ድርጅታቸው የላከው ሌላ ሰው ነበር። የቀድሞው እንግዳዬ ጉልበታቸው እንደከዳቸውና ረጅም በረራ እንደተከለከሉ ነገረኝ። መቃብሩን ሳያዩ ሊቀሩ ነው ብዬ አዘንኩ።

በሙት ዓመቱ እኔና ልጅቷ አበባ ይዘን ሄድን። ነፋሱ ጃንጥላ አያስይዝም ነበር። ስልኩን ከፍታ እንግዳዬን ጠራቻቸው፤ መቃብሩን፣ ዛፎቹን፣ ሰማዩን ዞር ዞር እያደረገች አሳየቻቸው። እሳቸው አማተቡ። ከዚያ ልጅቷ፣ ቃላቱን እየፈለገች፣ «አባዬ ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«አባትሽ?» አሉ። «አባትሽ ዋና አይችልም ነበር።»

«መርከበኛ ሆኖ?»

«መርከበኛ ሆኖ! ማንም እንዳያውቅበት በየወደቡ ሌሎቹ ሲዋኙ ሆዴን አመመኝ ብሎ ይተኛል። አንድ ቀን ምጽዋ ላይ…»

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እሳቸው እየተረኩ፣ ያልገባትን እኔ በደች እየነገርኳት፣ ጣታችን በብርድ እስኪደነዝዝ መቃብሩ ላይ ቆመን ሰማናቸው።